የእህል እርጥበት መለኪያና የኢኖቬሽን ምርምር ድጋፍ፦ ለወለጋ አመልካቾች መነሻ መረጃ

ኅዳርና ታኅሣሥ በወለጋ የበቆሎና የቡና ወራት ናቸው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ገበያዎች ምርቱን ይዞ የሚቀርብ አርሶ አደር እህሉ መድረቁን በቁጥር የሚያስረዳበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የለም። ነጋዴው ከጆንያው ጥቂት ፍሬ ይዘግናል፤ በመዳፉ እያንሸራሸረ ድምፁን ያዳምጣል፤ አንዷን በጥርሱ ይሰብራል፤ ከዚያም ዋጋ ይቆርጣል። «ገና እርጥብ ነው» ከተባለ በሻጩ በኩል ለክርክር የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም። በልምድ የዳበረ ጥርስ የሚናቅ መለኪያ አይደለም፤ ችግሩ ጥርሱ የገዢው መሆኑ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ ለመሥራት ዛሬ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። አነስተኛ ሴንሰር፣ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ባትሪ በአግባቡ ከተገጣጠሙና ከተፈተሹ የእህልን እርጥበት በመቶኛ ማወቅ ይቻላል። ሥራውን ከጠረጴዛ ላይ ሙከራ አንሥቶ ገበያ ላይ እምነት የሚጣልበት መለኪያ ለማድረግ ግን ቤተ ሙከራ፣ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከመንግሥት የሚሰጥ የምርምርና የኢኖቬሽን ድጋፍ አለ። የድጋፉን በር የሚከፍተው በአመዛኙ የመሣሪያው አዲስነት ሳይሆን ችግሩ በልክ ተለክቶ መቅረቡ ነው። ይህ ጽሑፍም መሣሪያውንና ማመልከቻውን በዚሁ መንፈስ ያብራራል።

እርጥበት በኪሎ ሲሰላ

የእህል እርጥበት በመቶኛ ሲነገር ከጠቅላላው ክብደት ውኃ የሆነውን ድርሻ ያመለክታል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ 18 ኪሎ ውኃና 82 ኪሎ ደረቅ እህል ይዟል። ይኸው በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 82 ኪሎው ደረቅ እህል አይነካም፤ ጠቅላላ ክብደቱ ግን ወደ 94 ኪሎ ከሩብ ይወርዳል። ስለዚህ እርጥቡን በደረቅ ዋጋ የገዛ ነጋዴ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ውኃ ገዝቷል ማለት ነው። ደረቁን እህል በእርጥብ ዋጋ የሸጠ ገበሬ ደግሞ በጸሐይ ላይ ያዋለውን የቀናት ድካም በነጻ ሰጥቷል።

በቡና በኩል ስሌቱ ወደ ሌላው ጫፍም ያመራል። ጥሬ ቡና ለማከማቸትና ለገበያ ለማቅረብ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት እንዲኖረው ይፈለጋል። ቡናው እንዳይሻግትበት የሰጋ አምራች ጀንፈሉን በማድረቂያ አልጋ ላይ አብዝቶ ያቆየዋል። 12 በመቶ የነበረው 100 ኪሎ ቡና እስከ 9 በመቶ ከደረቀ የሚቀረው 96 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል ነው። ከሦስት ኪሎ በላይ የሆነው ክብደት በጥንቃቄ ብዛት ተነነ ማለት ነው። ከመጠን በላይ የደረቀ ቡና ሲፈለፈል ፍሬው ይሰባበራል፤ ይህም ደረጃውን ይነካል።

ከገበያው ይልቅ የሚያሳስበው ጎተራው ነው። በቆሎ ለወራት እንዲቀመጥ እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይመቸዋል፤ ነቀዝም ይራባል። አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ፣ በረጅም ጊዜም ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ነው። በተለመደው ማብሰል አይጠፋም። የሻገተውን እህል ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቱ ይሻገራል። የወለጋ ክረምት ረጅም በመሆኑና ዝናቡ አንዳንድ ዓመት በቆሎው ከደረሰም በኋላ ስለሚቀጥል፣ ከማሳ የሚሰበሰበው እህል ከሚገባው በላይ እርጥበት ይዞ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

ፒክስ በመባል የሚታወቀው አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ያለ ኬሚካል የሚገድል ጥሩ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ እርጥብ እህል በዚህ ከረጢት ከታሰረ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ምርቱ ይበላሻል። ከረጢቱ ከመታሰሩ በፊት እህሉን መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምንም ኤሌክትሮኒክስ የሌለው የቆየ መፈተሻ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። በደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ የገበታ ጨውና የተወሰነ በቆሎ ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅና ማሳረፍ ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው ተብሎ ይገመታል። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ዘዴው 13 በመቶና 14 ከግማሽን አይለይም፤ ግን ወጪው ከንቱ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ድራይካርድ የተባለ የወረቀት መፈተሻም በቀለም ለውጥ የደረቀውንና ያልደረቀውን ይለያል። እነዚህ ሁለቱ እዚህ የተነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማመልከቻ የሚያነብ ገምጋሚ «ይህ ርካሽ ዘዴ እያለ ኤሌክትሮኒክስ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል

የእህልን እርጥበት በኤሌክትሮኒክስ ለመለካት ከሚሠራባቸው መንገዶች መካከል ሁለቱ የሚከተሉት ናቸው። የመጀመሪያው በሁለት የብረት ገጾች መካከል እህል አስቀምጦ በመካከላቸው የሚከማቸውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን መለካት ነው። ውኃ በዚህ ረገድ ከደረቅ እህል እጅግ የራቀ ጠባይ አለው። ዳይኤሌክትሪክ ተብሎ የሚጠራው መለኪያ ለውኃ ወደ 80 ሲሆን ለደረቅ እህል ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ስለዚህ በፍሬው ውስጥ የምትጨመር ትንሽ ውኃ እንኳ በሴንሰሩ ላይ ጎልታ ትታያለች።

ሁለተኛው መንገድ በጆንያው ውስጥ ዘንግ አስገብቶ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን የአየር እርጥበትና ሙቀት መለካት ነው። እህልና በዙሪያው የታመቀው አየር ከቆዩ እርስ በርስ ይመጣጠናሉ። በቆሎ 13 በመቶ ገደማ ሲሆን በመካከሉ ያለው አየር በመደበኛ ሙቀት ከ65 እስከ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ይኖረዋል። መሣሪያው ይህን ዝምድና በቀመር ወደ እህሉ እርጥበት ይለውጠዋል። ዘንጉ በእህሉ ውስጥ ለደቂቃዎች መቆየት ስላለበት ከመጀመሪያው ዘዴ ይዘገያል፤ ሆኖም ሴንሰሩ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው።

በሁለተኛው መንገድ የተሠራ መለኪያ በአፍሪካ ውስጥ ከምርምር ወደ ገበያ ደርሷል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በካንሳስ ግዛት ዋጋው ከ100 ዶላር በታች እንዲሆን አስበው አንድ የእጅ መለኪያ ነደፉ። ሥራው በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይመራ ከነበረውና በመንግሥት ገንዘብ ከተደገፈው የድኅረ ምርት ብክነት ምርምር ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ቀጠለ፤ ኢትዮጵያም ከፕሮግራሙ አገሮች አንዷ ነበረች። በጋና ኩማሲ ከተማ የሚገኘው ሴሲ ቴክኖሎጂስ የተባለ የወጣቶች ድርጅት ንድፉን ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ግሬይንሜት በሚል ስም መለኪያውን ገጣጥሞ ለገበሬዎችና ለእህል ነጋዴዎች ማቅረብ ጀመረ። የጋናዎቹ ሥራ ከባዶ የተነሣ ፈጠራ አልነበረም። የተሳካላቸው ያለን እውቀት ከአገራቸው እህል፣ ሙቀትና ገበያ ጋር በማዛመዳቸው ነው። ከነቀምት የሚነሣ አመልካችም በዚህ ሊያፍር አይገባውም።

የመሣሪያው አንጎል ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ጥቃቅን ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች የተነደፈው አርዱይኖ የተባለ ሰሌዳ ይህን ሥራ ከመሐንዲሶች እጅ አውጥቶ ለጀማሪዎች አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናው ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ የወጣው ኢኤስፒ32 ደግሞ ዋይፋይና ብሉቱዝን በአንድ ቺፕ አጣምሯል። ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራዎች ላይ እነዚህ ስሞች ተደጋግመው ይታያሉ። በከተሞች የሞባይል ጥገና ሥራ ላይ የተሰማሩ ወጣቶችም ለብየዳና ለባትሪ ሥራ የሚያስፈልገው እጅና መሣሪያ አላቸው፤ በብዙ ማመልከቻዎች ላይ ስማቸው አለመነሣቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከመገጣጠሙ ይልቅ ከባዱ ሥራ ካሊብሬሽን፣ ማለትም የመሣሪያውን ንባብ ከእውነተኛው እርጥበት ጋር ማስተካከል ነው። እውነተኛው እርጥበት የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ምድጃ ነው። ለሙሉ የበቆሎ ፍሬ የሚታወቀው አሠራር ናሙናውን መዝኖ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ72 ሰዓት ማድረቅና እንደገና መመዘን ነው፤ ለጥሬ ቡና ደግሞ 105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት የሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። በዚህ ሁኔታ የተገኘው ውጤት ከመሣሪያው ንባብ ጋር በብዙ ናሙናዎች ይነጻጸራል። የፍሬው መጠን፣ የሙቀቱ ደረጃና እህሉ በመለኪያው ውስጥ የታመቀበት ሁኔታ ንባቡን ያዛባሉ። በባኮ የወጡት ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 ዝርያዎች ከሌላ ኩባንያ ዝርያ ጋር አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጡ እንደሆነ መፈተሽ ይኖርበታል። ለአንድ ወጣት ቡድን የምርምሩ ልብ ይህ ነው፤ ድጋፉም በዋናነት የሚጠየቀው ለዚሁ ነው።

በተቃራኒው በኢንተርኔት የሚሸጡ ባለ ሦስት ዘንግ ርካሽ የአፈር መፈተሻዎች ካሊብሬሽን የጎደለው መሣሪያ ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያሉ። የአፈርን አሲዳማነት እንለካለን የሚሉት እነዚህ መሣሪያዎች ንባባቸው አስተማማኝ አይደለም። በምዕራብ ወለጋ የአፈር አሲዳማነት ከባድ ችግር በሆነበት ሁኔታ በእንዲህ ዓይነት ንባብ ተመርቶ ኖራ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው። ለዚህ አፈሩን ወደ አፈር ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል።

ከአካባቢው ጋር መስማማት

በወለጋ የሚያገለግል መሣሪያ ኔትወርክ ባይኖርም መሥራት አለበት። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። የመብራት መቆራረጥም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በራሱ መስኮት ላይ የሚያሳይ፣ መረጃውን በውስጡ የሚያስቀምጥና በአነስተኛ የጸሐይ ሰሌዳ የሚሞላ ንድፍ፣ ሁሉን ነገር ወደ ኢንተርኔት ከሚልክ ንድፍ የበለጠ ተቀባይነት ይኖረዋል። ከጎተራ ወደ ዩኒየን መጋዘን መረጃ በሬዲዮ ማስተላለፍ ካስፈለገ ሎራ የተባለው ዘዴ በጥቂት ኃይል ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ግን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና የዓይነት ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው ይህ በዕቅዱ ላይ አስቀድሞ መገለጽ ይኖርበታል።

ቋንቋውም የንድፍ ጉዳይ ነው። በርካሽ የሚገኙት ባለ ሁለት መስመር መስኮቶች የላቲን ፊደላትን በውስጣቸው ስለያዙ በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ መልእክት ያለ ተጨማሪ ሥራ ያሳያሉ። የግዕዝ ፊደል ግን በእነዚሁ መስኮቶች ላይ ፊደል በፊደል መሣል ይፈልጋል፤ መስኮቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የተሣለ ፊደልም ስምንት ብቻ ነው። አማርኛም ማሳየት የፈለገ ቡድን የተሻለ ስክሪን መግዛት ይኖርበታል፤ ዋጋውም በበጀቱ ይግባ። ቁጥርና ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ መብራት ማንበብ ለማይችሉትም ይጠቅማል። እህል የሚያሰጡት፣ የሚያገላብጡትና ጎተራውን የሚጠብቁት በአመዛኙ እናቶች በመሆናቸው መሣሪያው በመጀመሪያ በእነርሱ እጅ ይሞከር።

ገንዘቡ ከየት ይገኛል

የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። ተቋሙ ስሙና አደረጃጀቱ እየተለወጠ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ለዘርፉ በየዓመቱ ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ እንዲመደብ አስቀምጦ ነበር። በዩኔስኮ አኃዝ መሠረት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ለምርምርና ሥርፀት የዋለው 0.27 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቋቱ ጠባብ ነውና ውድድሩ ጠንካራ ይሆናል።

ከወለጋ የሚነሣ አመልካች የሚያንኳኳቸው በሮች የተለያየ ባሕርይ አላቸው። ሚኒስቴሩ ለምርምርና ለኢኖቬሽን ሥራዎች በየጊዜው ጥሪ ያወጣል። ባዮቴክኖሎጂንና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂን አጣምሮ የያዘው የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዘርፉ የሚጠቀስ ተቋም ነው። ለብዙዎች የቀረበው በር ግን ዩኒቨርሲቲ ነው። በነቀምት የሚገኘውና በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ያሉት ወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊነት አለባቸው። የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ምርምር ገንዘብ በአብዛኛው መሪ ተመራማሪው የተቋሙ መምህር እንዲሆን ይጠይቃል። በመሆኑም ከውጭ ያለ ቴክኒሻን ወይም አርሶ አደር መንገዱ ችግሩንና የሙከራ ቦታውን ይዞ መምህሩን ማነጋገር ነው።

የውድድር ሽልማትና የምርምር ድጋፍ እንደ አንድ መታየት የለባቸውም። ብሩህ በሚል ስም የሚታወቀው የሥራ ፈጠራ ሐሳብ ውድድርና የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ሥልጠናዎች የንግድ ሐሳብን ያያሉ። በዚያ የሚጠየቀው ማን ይገዛል፣ በስንት ይሸጣል የሚለው ነው። የምርምር ድጋፍ የሚጠይቀው ግን ምን አይታወቅም፣ እንዴትስ ይታወቃል የሚለውን ነው። አንዱን ማመልከቻ ስሙን ብቻ ቀይሮ ለሁለቱም ማስገባት በሁለቱም ዘንድ ያስጥላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የስታርትአፕ አዋጅ ደግሞ ጀማሪ የፈጠራ ድርጅቶች በሕግ የሚታወቁበትን ሥርዓት ያበጀ በመሆኑ ምርምሩ ወደ ድርጅት ሲያድግ መታየት ያለበት ሰነድ ነው።

የሙያ አጋር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ባኮ የበቆሎ ምርምር ለዐሥርተ ዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያው የባኮ ግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል የእርሻ መሣሪያዎችን ይሠራል፤ ይፈትሻል። በቄለም ወለጋ የሐሮ ሰቡ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የቡና ጉዳይ ከሆነ ጅማ ለወለጋ ቅርብ ነው። ከእነዚህ ከአንዱ የተገኘ የምድጃና የሚዛን አገልግሎት የትብብር ደብዳቤ በማመልከቻው ላይ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቃል።

ማመልከቻውን መጻፍ

ጥሪዎች በዝርዝር ቢለያዩም ማመልከቻ ሲነበብ ፍለጋው ተመሳሳይ ነው፤ ችግሩ፣ ዓላማው፣ ዘዴው፣ የጊዜ ሰሌዳው፣ በጀቱ፣ ቡድኑና የተቋሙ ድጋፍ ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ ችግሩ የተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ዕጣውን ይወስናሉ።

«ግብርናን በዘመናዊ ቴክኖሎጂ በመለወጥ የአርሶ አደሩን ሕይወት ማሻሻል» የሚል ርእስ ማንም ሊቃወመው የማይችል፣ ስለዚህም ማንም ሊገመግመው የማይችል ነው። «በጉቶ ጊዳ ወረዳ በሦስት ቀበሌዎች በአርሶ አደር ጎተራ የሚቀመጥ በቆሎ እርጥበትን ከምድጃ ልኬት ከአንድ በመቶ ነጥብ ባልበለጠ ልዩነት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ማዘጋጀትና መፈተሽ» የሚለው ግን ቦታውን፣ እህሉን፣ ተጠቃሚውንና ስኬቱ የሚታወቅበትን ልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዟል። ገምጋሚው ከዓመት በኋላ ተመልሶ ተሳካ ወይም አልተሳካም ማለት ይችላል።

ችግሩን በልክ ለማቅረብ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ሆኖ ፈቃደኛ ከሆኑ ሠላሳ ቤተሰቦች ጎተራ ናሙና መውሰድ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ማሸግና በቤተ ሙከራ ማስመዘን ይቻላል። ከሠላሳው ስንቱ ከ13 በመቶ በላይ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ይናገራል። ናሙናዎቹ ሁሉም ደረቅ ሆነው ከተገኙም ጥሩ ነው፤ ቡድኑ የሌለ ችግር ለመፍታት ዓመት ከማጥፋት ተረፈ።

ስለ ርካሽ ዘዴዎች የሚነሣው ጥያቄም እዚሁ ይመለስ። የጨው ጠርሙስና የቀለም ካርድ ደረቀ ወይም አልደረቀም ይላሉ። ለጎተራ ይህ ሊበቃ ይችላል። ለዋጋ ድርድር ግን ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለዩኒየን ግዢም ከአባላት የተረከበውን እህል መጋዘን ከመግባቱ በፊት በቁጥር መለየት ይጠቅማል። ኤሌክትሮኒክሱ የሚያስፈልገው በየትኛው ቦታ እንደሆነ ጠበብ አድርጎ የገለጸ አመልካች ርካሹን ዘዴ በመጥቀሱ አይጎዳም፤ ይልቁንም ያከብሩታል።

በበጀት ክፍል ላፕቶፕ፣ ሞተር ሳይክልና የውሎ አበል በዝተው ሴንሰሩ በመጨረሻው መስመር የሚገኝበት ማመልከቻ ጥርጣሬ ያሳድራል። ለእርጥበት መለኪያ ዋነኛ ወጪዎች የቤተ ሙከራ አገልግሎት፣ የናሙና ማጓጓዣ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ መለዋወጫ ሴንሰሮችና የመስክ ሙከራ ናቸው። ሴንሰር ይበላሻል፤ አንድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሦስት ይታቀድ። ክፍሎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የትናንት ዋጋ ለነገ ላይበቃ ይችላል። ፕሮፎርማው የተሰበሰበበትን ቀን መጻፍና ለዋጋ ለውጥ መጠባበቂያ መያዝ ብልህነት ነው። ድጋፉ አብዛኛውን ጊዜ በምዕራፍ የሚለቀቅና ሪፖርትን ተከትሎ የሚቀጥል በመሆኑ ደረሰኝ አያያዝ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

ዓመቱ በሁለት ሰሌዳ

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የበቆሎው ሰሌዳ ግን ሌላ ነው፤ በኅዳር ይሰበሰባል፤ በታኅሣሥ ይደርቃል፤ ከዚያ ጎተራ ይገባል። ጥሪ ወጥቶ፣ ተገምግሞና ውል ተፈርሞ ገንዘቡ በጥር እጅ ከገባ የአዝመራው ወቅት አልፏል። በዕቅዱ «መስክ ሙከራ፦ ኅዳር» ብሎ የጻፈ ቡድን አንድ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ሪፖርቱ ግን በሰኔ ይጠየቃል።

ይህን ለማለፍ የሚያስችል የታወቀ የቤተ ሙከራ ዘዴ አለ። የደረቀ በቆሎ ላይ በስሌት የተመጠነ ውኃ ጨምሮ፣ በታሸገ ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ እያገላበጡ ለቀናት ማቆየት ነው። ውኃው ወደ ፍሬው ሲሰርግ 14፣ 16፣ 18፣ 20 በመቶ የሆኑ ናሙናዎች ይገኛሉ። ካሊብሬሽኑ በእነዚህ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሊጠናቀቅ ይችላል። ክረምቱ በጎተራ ያለውን እህል መከታተያ ይሆናል፤ የአየሩ እርጥበት የሚያይለው ያኔ ስለሆነም ለመሣሪያው ጥሩ ፈተና ነው። የማሳውና የገበያው ሙከራ ለቀጣዩ ኅዳር ይቀመጣል። እንዲህ የተጻፈ ሰሌዳ ገንዘቡ በየትኛውም ወር ቢለቀቅ ሥራ አያስፈታም።

መለኪያው ለግብይት እንዲውል ከታሰበ ተጨማሪ እርምጃ አለ። በገበያ ላይ የሚያገለግል መለኪያ እንደ ሚዛን ሁሉ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ለካሊብሬሽን ማረጋገጫ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩትን ማነጋገር ይገባል። ይህን እርምጃ የዘለለ መሣሪያ ነጋዴው «የአንተ መሣሪያ ለአንተ ያደላል» ሲለው መልስ አይኖረውም።

የፈጠራው ባለቤትነት

ለመሣሪያው ባለቤትነት የሚያገለግለው ሕግ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሲሆን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሙሉ ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ለ5 ዓመትም ሊራዘም ይችላል። የሚጠይቀው ግን በዓለም አዲስ መሆንን ነው። በአመዛኙ ከታወቁ ክፍሎች የሚገጣጠም የእርጥበት መለኪያ ይህን ማሟላቱ ያጠራጥራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚቀርበው የአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። አዲስነቱ የሚመዘነው በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ሲሆን የሚቆየው 5 ዓመት ነው፤ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ከዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የሚሠራ ቴክኒሻን ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጉዳዮችን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ አንደኛው የባለቤትነት ድርሻው፣ ሁለተኛው በድጋፉ የተገዙት ሚዛንና መሣሪያዎች ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ከማን ጋር እንደሚቀሩ። በተቋም በኩል በተለቀቀ የመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ዕቃ በመደበኛው አሠራር የተቋሙ ንብረት ነው። ማመልከቻው ለባለሥልጣኑ ሳይገባ ፈጠራውን በኤግዚቢሽን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በአውደ ጥናት ዘርዝሮ ማሳየትም አዲስነቱን አጠያያቂ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በቅድሚያ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ማሳየት ይሻላል።